አንዴ ብቻ የሚነበብ መጽሐፍ

ኢያሪኮን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይከብዳል። ቄስ ትምህርት ቤት የገባውም፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ያለፈውም፣ ከአያቱ አፍ የሰማውም፣ ሰባቱን ካህናት፣ ሰባቱን ቀንደ መለከትና በሰባተኛው ቀን በጩኸት የወደቀውን ቅጥር ያስታውሳል። ረዓብ በመስኮቷ ያሰረችውን ቀይ ፈትል፣ ኤልሳዕ ጨው ጨምሮ የፈወሰውን ውኃ፣ ዘኬዎስ የወጣበትን ሾላ ያስታውሳል። እንዲያውም ብዙዎቻችን ከጎረቤት ቀበሌ ይልቅ ኢያሪኮን እናውቃታለን ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የማናውቀው አፈሯን ነው። የዛሬው ወጌም ስለዚሁ አፈር፣ ስለቆፈሩትና ቆፍረው ስለጻፉት (ወይም ሳይጽፉ ስለሞቱት) ሰዎች ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ጥንታዊቷ ኢያሪኮ ዛሬ ጉብታ ናት። ከሙት ባሕር በስተሰሜን፣ ከባሕር ወለል 250 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ዝናብ እምብዛም በማይጎበኘው በረሃ ውስጥ፣ ከማይነጥፍ ምንጭ አጠገብ የተከመረች የአፈር ጉብታ። ቁመቷ 21 ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቷ 4 ሄክታር ገደማ። የአገሩ ሰዎች ቴል ኤስ-ሱልጣን ይሏታል። «ቴል» በዓረብኛ ጉብታ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ዓይነቱን ጉብታ ተፈጥሮ አልሠራውም። ሰው ነው የሠራው፤ ያውም ሳያስበው። ሰውዬው በጭቃ ጡብ ቤት ይሠራል። ቤቱ አርጅቶ ይፈርሳል። ልጁ ፍርስራሹን ደልድሎ እላዩ ላይ ሌላ ቤት ያቆማል፤ የልጅ ልጁም እንዲሁ። ዙሪያው በረሃ፣ ምንጩ ደግሞ እዚያው ስለሆነ ቦታውን ለቅቆ የሚሄድ ቢኖር እንኳ ሌላው መጥቶ ይተካዋል። እንዲህ እየሆነ የሟች ቤት የነዋሪ መሠረት ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሌላ መሠረት ሲጨመር፣ በሺህ ዓመታት ውስጥ ሜዳው ኮረብታ ይሆናል።

ስለዚህ ጉብታ ማለት ከኋላ ወደ ፊት የሚነበብ መጽሐፍ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ከላይ ነው፤ የመጀመሪያው ከታች። ችግሩ አንድ ነው። ታችኛውን ገጽ ለማንበብ ላይኛውን ማንሳት ግድ ይላል፤ የተነሣው ገጽ ደግሞ ተመልሶ አይቀመጥም። ምድጃው የት እንደነበረ፣ ገሉ ከየትኛው ወለል ላይ እንደወደቀ፣ አመዱ ከግድግዳው በላይ ይሁን በታች ቆፋሪው ካልመዘገበው ሌላ ሰው ተመልሶ ሊያጣራው አይችልም። አካፋው አንስቶታል። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለአርኪዮሎጂ ባይሆንም፣ ከዚህ የተሻለ መመሪያ ለቆፋሪ የጻፈ ሰው አላየሁም።

ኢያሪኮን በዘመናዊ መልክ ለመቆፈር የሞከረው የመጀመሪያው ሰው ቻርለስ ዋረን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን ነው። በ1868 ጉብታዋ ላይ ጉድጓዶች አስቆፍሮ፣ እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለም ብሎ ሄደ። ከጉድጓዶቹ አንዱ በዓለም ላይ ከታወቁት የድንጋይ ግንቦች ሁሉ ከቀደምቶቹ አንዱን በጥቂቱ ስቶት ኖሯል! ይህም የታወቀው ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ከዋረን በኋላ ጀርመኖቹ መጡ። ኤርንስት ዜሊንና ካርል ቫትሲንገር ከ1907 እስከ 1909 ቆፈሩ፤ በ1913 ሥራቸውን በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። የጻፉት ሁሉ ትክክል አልነበረም፤ በተለይ የዘመን አቆጣጠራቸው ስሕተት ነበረበት። ነገር ግን ግድግዳውን ለክተው፣ ገሉን ሥለው፣ የት እንደተገኘ ጽፈው ነበርና፣ በ1926 ቫትሲንገር ራሱ የገዛ መጽሐፉን መልሶ አነበበና ሐሳቡን ቀየረ። የሸክላ ዕውቀት በመካከሉ ተሻሽሏል፤ ማስረጃው ደግሞ መጽሐፉ ላይ አለ። እንግዲህ የታተመ ስሕተት ሊታረም ይችላል ማለት ነው። ያልታተመ እውነት ግን ማንንም አያርምም።

በ1930 ጆን ጋርስታንግ የተባለ እንግሊዛዊ ተራውን ያዘ። እስከ 1936 ቆፈረና ዓለምን ያስደሰተ ወሬ ይዞ ብቅ አለ፤ ኢያሱ ያፈረሰውን ቅጥር አገኘሁት አለ። ወድቋል፣ ተቃጥሏል፣ ዘመኑም በ1400 ከክርስቶስ ልደት በፊት አካባቢ ነው አለ። ለአማኙ መልካም ዜና፣ ለጋዜጠኛው ጥሩ ርእስ፣ ገንዘብ ላወጣውም ጥሩ መካሻ ሆነ። ጋርስታንግን የማደንቀው ግን በአንድ ነገር ነው። ዓመታት አልፈው የሌሎች ቦታዎች ቁፋሮ ጥያቄ ሲያስነሣበት፣ ግኝቱን እንድትመረምርለት ከእሱ በዕድሜ በብዙ የምታንስ ባለሙያ ራሱ ጠየቀ። የዚያች ባለሙያ ስም ካትሊን ኬንየን ነው።

ኬንየን በ1906 የተወለደች ናት፤ አባቷ የብሪቲሽ ሙዚየም ዳይሬክተር ነበሩ። የቁፋሮን ጥበብ የተማረችው በእንግሊዝ አገር ከሞርቲመር ዊለር ጋር ሠርታ ነው። የእነሱ ዘዴ ሲነገር ቀላል ይመስላል። መሬቱን በአራት ማዕዘን ትከፋፍላለህ፤ በየማዕዘኑ መካከል የማይነካ የአፈር ግድግዳ ታስቀራለህ። ጉድጓዱ እየጠለቀ ሲሄድ በዚያ ግድግዳ ላይ የዘመናቱ ንብርብር እንደተቆረጠ ድፎ ዳቦ ወለል ብሎ ይታያል፤ ቀዩ አፈር፣ ጥቁሩ አመድ፣ ነጩ ልስን። ከዚያ ያንን ግድግዳ ትሥላለህ። ሥዕሉ ነው ምስክሩ።

በዚህ ዘዴ ከ1952 እስከ 1958 ድረስ በሰባት የቁፋሮ ወቅቶች ኢያሪኮን አገላበጠቻት። አካባቢው ያኔ በዮርዳኖስ ሥር ነበር። አፈሩን ይዝቁ ከነበሩት ብዙዎቹ በ1948 ጦርነት ከቀያቸው ተፈናቅለው ጉብታዋ አጠገብ በተተከሉ መጠለያ ሰፈሮች የሚኖሩ ፍልስጤማውያን ናቸው። ቤታቸውን ያጡ ሰዎች የ10,000 ዓመት ቤት ሲያወጡ ማሰብ ነው። መጽሐፎቹ ላይ የእነሱ ስም ብዙም አይታይም፤ ጉብታዋን ወለል በወለል በእጁ የዳሰሳት ግን እጃቸው ነው።

የተገኘው ነገር አስደናቂ ነበር። ዋረን የሳተው ግንብ ወጣ፤ ቁመቱ 8 ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ በውስጡ ደረጃ ያለው፣ ሰው ገና ሸክላ መሥራት ሳይጀምር፣ ከዛሬ 10,000 ዓመት በፊት ገደማ የተገነባ። በ1953 ደግሞ ሰባት የሰው ራስ ቅሎች በአንድነት ተገኙ። ፊታቸው በኖራ ልስን ተቀርጾ፣ ዓይናቸው በባሕር ዛጎል ተሞልቶ፣ የሞተ ዘመዳቸውን ከቤታቸው ሊያርቁ ያልፈለጉ ሰዎች ሥራ። ግብርና ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን ሰው ለሙታኑ ፊት ይሠራ ነበር። ሐዘን ያየ ሁሉ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

የኢያሱ ቅጥርስ? አልተገኘም። ጋርስታንግ ያያቸው ግድግዳዎች፣ ኬንየን በንብርብሩ እንዳረጋገጠችው፣ እሱ ከሰጣቸው ዘመን በ1,000 ዓመት ገደማ የሚቀድሙ ናቸው። የመጨረሻዋ ትልቅ ቅጥር ያላት ከተማ የተቃጠለችው በ1550 ከክርስቶስ ልደት በፊት አካባቢ ነው አለች። ከዚያ በኋላ ባለው ዘመን፣ ማለት ኢያሱ መጣ በሚባልበት ጊዜ፣ ጉብታዋ ላይ ከጥቂት ቅሪት በቀር ነገር የለም። ኬንየን እምነት የለሽ ስለነበረች አይደለም ይህን ያለችው፤ ጎበዝ ምእመን ነበረች። አፈሩ ያለውን ተናገረች።

እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የሚጀምረው።

ይህን የመሰለ ከባድ ቃል የተናገረ ሰው ማስረጃውን ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት አለበት። ኬንየን በ1957 ለሰፊው አንባቢ የሚሆን ማራኪ መጽሐፍ ጻፈች። ስለ መቃብሮቹ ሁለት ዳጎስ ያሉ የጥናት ጥራዞች፣ አንዱን በ1960 ሌላውን በ1965፣ አወጣች። ዋናው ግን ራሷ ጉብታዋ ናት፤ ግድግዳዎቹ፣ ንብርብሮቹ፣ በሺህ የሚቆጠሩት ገሎች። የእነዚህ ጥራዝ ሲጠበቅ ቆየ። ኬንየን በኢየሩሳሌም የብሪታንያ የአርኪዮሎጂ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበረች፤ በ1962 በኦክስፎርድ የአንድ ኮሌጅ ኃላፊ ሆነች፤ ከ1961 እስከ 1967 ደግሞ ኢየሩሳሌምን ቆፈረች። ሌላ ቁፋሮ፣ ማለት ሌላ ዕዳ። በ1978 አረፈች። የጉብታዋ ጥራዞች የወጡት ቶማስ ሆላንድ የተባለ ባልደረባዋ የተወችውን አሰናድቶ በ1981፣ በ1982 እና በ1983 ነው። ከመጨረሻው አካፋ እስከ መጨረሻው ጥራዝ 25 ዓመት። የኢየሩሳሌሙንማ ሌሎች ተከፋፍለውት ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን ፈጀ።

ሰነፍ ነበረች ማለት አይቻልም። እንደ እሷ የሠራ ጥቂት ነው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ቁፋሮ ሠርግ ነው፣ ጽሑፍ ግን ትዳር። ለሠርጉ ጋዜጠኛ ይመጣል፣ ባለገንዘብ ይረዳል፣ ወጣቱ ድንኳን ተሸክሞ ይከተላል። ሠርጉ ሲያልቅ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ ሺህ ገል አንድ በአንድ መሣል፣ መቁጠር፣ ቁጥሩን ከማስታወሻው ጋር ማስታረቅ አለ። ለዚህ የሚያጨበጭብ የለም። ማንም ስፖንሰር አድራጊ ሪባን አይቆርጥለትም። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መረጃ የሰበሰበ ተማሪ ሞልቷል፣ ጽፎ የጨረሰ ነው የሚጠፋው።

መዘግየቱ ምን አስከተለ? እነዚያን 25 ዓመታት የዓለም ምሁራን ሁለት ምርጫ ብቻ ነበራቸው፤ ኬንየንን ማመን ወይም አለማመን። ማረጋገጥ አይቻልም። በዚህ ዓይነት የሚገኝ ዕውቀት፣ እውነት እንኳ ቢሆን፣ በክብር እንጂ በማስረጃ የቆመ አይደለም። ጥራዞቹ ታትመው ገሎቹ አደባባይ ሲወጡ ግን እውነተኛው ክርክር ተጀመረ። በ1990 ብራያንት ዉድ የተባለ አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት፣ የታተሙትን ሥዕሎች ይዞ፣ ኬንየን ተሳስታለች፣ ከተማዋ የጠፋችው በ1400 ነው፣ ጋርስታንግ ልክ ነበር ሲል ጻፈ። ኬንየን የተመካችው ከቆጵሮስ የሚመጣው ሸክላ ባለመገኘቱ ነው፤ በአገሩ የተሠራውን ተራ ሸክላ ግን በቅጡ አላየችም አለ። ለድጋፍም ከተቃጠለችው ከተማ የተወሰደ የከሰል ናሙና በካርቦን 14 ተለክቶ ወደ 1400 የሚጠጋ ዘመን መስጠቱን ጠቀሰ። ይህም ልኬት በ1983ቱ ጥራዝ ላይ የታተመ ነው።

ከዚያስ? ብሪቲሽ ሙዚየም ከ1980 እስከ 1984 ባለው ጊዜ ያካሄዳቸው የካርቦን ልኬቶች ስሕተት እንደነበረባቸው ራሱ አስታወቀ፤ የኢያሪኮውም ናሙና ከእነሱ አንዱ ሆኖ ተገኘና ዘመኑ ወደ ኋላ ተገፋ። በ1995 ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ብሩንስና ፋን ደር ፕሊኽት፣ ኬንየን ከቃጠሎው ውስጥ ለቅማ ያስቀመጠችውን የከሰለ እህል ለኩ። እህል ከከሰል የተሻለ ምስክር ነው፤ ግንድ መቶ ዓመት የቆመ ዛፍ ሊሆን ይችላል፣ እህል ግን የዚያው ዓመት አዝመራ ነው። የተገኘው ውጤት 1400ን የሚደግፍ አልሆነም፤ ከተማዋ የተቃጠለችው ቀደም ብሎ፣ ኬንየን ወዳለችው ዘመን ተጠግቶ እንደሆነ አመለከተ።

ታሪኩን የተረኩት ማን አሸነፈ ለማለት አይደለም። ስለ መጽሐፍ ቅዱስም አይደለም፤ የእምነት ሰው እምነቱን በገል ላይ አላቆመም። የማሳየው ሌላ ነው። ክርክሩ የተካሄደው የታተመ ገል፣ የታተመ ልኬትና ማሰሮ ሙሉ የተጠበቀ እህል ስለነበረ ነው። ስሕተት የነበረው ልኬት ባይታተም ኖሮ ስሕተትነቱን ማንም አያጣራውም ነበር።

ሌላም አለ። ኬንየን መቃብሮች ውስጥ ያገኘችው ዕቃ፣ ጋኑ፣ ገንቦው፣ ከእንጨት የተሠራው ጠረጴዛ ሳይቀር፣ ለቁፋሮው ገንዘብ ላዋጡት ሙዚየሞችና ዩኒቨርሲቲዎች ተከፋፍሏል። ጥቂቱ ለንደን፣ ጥቂቱ ኦክስፎርድ፣ ጥቂቱ እስከ ሲድኒ። አንድ ቤተሰብ አብሮ የቀበረው ንብረት በየአህጉሩ ተበተነ። ያ መቃብር ዛሬ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በ1960 እና በ1965 ጥራዞች ገጽ ላይ ነው። መጽሐፉ ባይኖር ማሰሮዎቹ ሁሉ ወላጅ አልባ ይሆኑ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ፤ የሚመልሰኝም ያው 1913 ነው። የጀርመኖቹ የኢያሪኮ መጽሐፍ በወጣበት በዚያው ዓመት ሌላ የጀርመን ሥራ በአራት ቅጽ በርሊን ላይ ታትሟል፤ የአክሱሙ። ኤኖ ሊትማንና ጓደኞቹ በ1906፣ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ፈቃድ፣ አክሱምን ለጥቂት ወራት አጠኑ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ አሳተሙ። ከለኳቸው ፍርስራሾች አንዱ የታዓካ ማርያም ቤተ መንግሥት ነው። በኋላ ጣሊያን በወረራው ዘመን መንገድ ሠራና ፍርስራሹን ሰንጥቆት አለፈ። ዛሬ የዚያን ግዙፍ ሕንፃ ቅርጽ የምናውቀው በዋናነት በእነዚያ ሰዎች ፕላን ነው። ድንጋዩ ሄደ፤ ወረቀቱ ቀረ።

ከዚያ ደግሞ የኬንየንን ዕጣ የሚመስል አለ። በ1972 የብሪታንያው የምሥራቅ አፍሪካ ተቋም ኃላፊ ኔቪል ቺቲክ አክሱም ላይ ቁፋሮ ጀመረ። ከሐውልቶቹ ሥር ትልልቅ መቃብሮች ተገኙ። 1974 መጣ፤ አብዮቱ ፈነዳ፤ ቁፋሮው ቆመ። ቺቲክ የመጨረሻውን ሪፖርት ሳያወጣ በ1984 ሞተ። ሥራውን ስቱዋርት መንሮ-ሄይ አሰናድቶ በ1989 አሳተመው። አካፋው ከተቀመጠ 15 ዓመት ሆኖታል። በ1993 ዴቪድ ፊሊፕሰን ወደዚያው ቦታ ሲመለስ ከየት መጀመር እንዳለበት ያሳየው ያ መጽሐፍ ነው። እሱ ራሱ በ1997 ጨርሶ በ2000 አሳተመ። ሦስት ዓመት! ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

እኛ ቅርሳችን ሲሰረቅ እንጮኻለን፤ መጮኻችንም ልክ ነው። ሐውልት ሲወሰድ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል። ተቆፍሮ ያልተጻፈ ቦታ ግን ጉድለቱ አይታይም፤ ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፣ ቁጥር ተጽፎበታል፣ አቧራ ለብሷል። ከየት ወለል እንደወጣ የሚያውቀው ሰው ጡረታ ወጥቷል፤ ወይም ማስታወሻው ከልጆቹ ቤት ጣሪያ ሥር በካርቶን ታሽጓል። ይህ ሌብነት አይባልም፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። የሚለየው አንድ ነገር ቢኖር የተሰረቀው አንዳንዴ መመለሱ ነው፤ ሐውልታችን በ2005 ከሮም ተመልሷል። የተቆፈረ ንብርብር የሚመለስበት አውሮፕላን የለም።

ስለዚህ የመቆፈር ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ምን ልታገኝ ነው?» ተብሎ አይደለም። «ያለፈውን ቁፋሮህን የት አሳተምከው?» ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ «ለቦታው ሰውስ በምን ቋንቋ ልትነግረው ነው?» የሚል ነው። የሊትማን ቡድን ጀርመንኛ ሥራ፣ ዋና ዋናው ክፍል በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ተባባሪነት የወጣው በ1997 ነው፤ ከታተመ 84 ዓመት በኋላ። የአክሱም ልጅ ስለ ደጁ ድንጋይ ለማንበብ የሦስተኛ አገር ቋንቋ መጠበቅ ነበረበት። ከሳይንሱ ጥራዝ ጎን ለቦታው ሰው የሚነበብ አንድ ቀጭን መጽሐፍ መጨመር የሚያደኸይ ወጪ አይመስለኝም።

የኢያሪኮ ጉብታ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከ1997 ጀምሮ ጣሊያኖችና ፍልስጤማውያን ባለሙያዎች አብረው ቆፍረዋል፤ የኬንየንንና የጀርመኖቹን ጥራዞች በእጃቸው ይዘው፣ የድሮውን ጉድጓድ ከአዲሱ እያገናዘቡ። ከጉብታዋ ገና ብዙ ያልተነካ አፈር አለ። ይህ ሊያስጨንቀን አይገባም። ያልተቆፈረ አፈር የትም አይሄድም፤ የተሻለ መሣሪያና የተሻለ ትዕግሥት ያለው ሰው እስኪመጣ የያዘውን ይዞ ይቆያል። ሊያስጨንቀን የሚገባው ተቆፍሮ ሳይጻፍ የቀረው ነው።